ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲሆን

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የፕላስቲክ አውሮፕላንና መኪና ሞዴል ለሚገጣጥሙ ልጆችና ለወላጆቻቸው ያቀረብኩት ንግግር ነው። ያልነበራችሁ ስለጠየቃችሁኝ ጻፍኩት። አፌ እንዳመጣልኝ ስለተናገርኩ አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፣ አንዳንድ ቦታ ይዘላል። ጥያቄና መልሱን መጨረሻ ላይ አስገብቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ማይኩ ያፏጫል፤ ስለዚህ ያለማይክ ልናገር። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።

መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ተቀባበሉ። ሁለቱም የአውሮፕላን ክንፍ ናቸው፣ ከነፍሬማቸው፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ዘንግ ጋር። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ። በጥፍራችሁ ንኳቸው። ትንሽ አጠፍ አጠፍ አድርጓቸው፤ እንዳትሰብሩብኝ ብቻ። ወደ መስኮቱ አንሱና ብርሃን ያሳልፉ እንደሆነ እዩ። ከዚያ የትኛው ጥራት እንዳለው ንገሩኝ።

(ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ቀዩ!» አሉ። ወላጆቹ ወደ ግራጫው አደሉ። አንድ አባት «ቀዩማ የዕቃ ዕቃ ይመስላል» አሉ።)

ይኸው ነው የዛሬው ጉዳይ። ሞዴል በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የቆየ ወሬ አለ፤ ከለር ያለው ፕላስቲክ የልጅ ነው፣ ግራጫው የቁም ነገር ነው ይባላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማምነው። አሁን ግማሹን ብቻ አምናለሁ። ቀለም መግባቱ በራሱ ኪቱን፣ ሳጥን ውስጥ ሳይገጠም የሚመጣውን ሞዴል፣ ተራ አያደርገውም። ግን ቀለም ሦስት ነገር ያደርጋል። አንዳንዱን ጉድለት ይሸፍናል፣ አንዳንዱን ያጋልጣል፣ አንዳንዱን ደግሞ ራሱ ያመጣል። የትኛው ከለር የትኛውን እንደሚያደርግ ያወቀ ሰው ኪት ሲመርጥ አይሸወድም።

ለእኛ ለባሕር ዳሮቹ ደግሞ ነገሩ የባሰ ያገባናል። ለምን? ኪት ይመጣል፣ ቀለም አይመጣም። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያለው። በመጣ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ በካልሲና በቫይታሚን መሃል አንድ ሁለት ሳጥን ይወትፍልኛል። አንዴ «ዘንድሮ ሙሉ አድርጌ ነው የማመጣልህ» ብሎ ቀለሙን፣ ስፕሬዩን፣ ቲነሩን፣ ማጣበቂያውን ሁሉ አጨቀው። ኤርፖርት ላይ አንድ በአንድ አስወጡት። ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ አይጫንም፤ ልክም ናቸው፣ እኔም ብሆን ከቲነር ጋር መብረር አልፈልግም። ግን ነገሩን እዩት። ፋብሪካው «ገዢው ይቀባዋል» ብሎ ግራጫ አድርጎ ያወጣዋል፣ ኪቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ሲደርስ ቀቢው ባዶ እጁን ቁጭ ብሏል። ስለዚህ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ቀለም የመጨረሻው ቀለም ነው።

«ታዲያ እዚህ ሱቅ ያለውን ብንቀባስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

የመጀመሪያ ኪቴ ቀይ መኪና ነበረች፣ በ1/24 ልኬት፤ ርዝመቷ የእውነተኛዋ አንድ ሃያ አራተኛ ማለት ነው። እኔ ነጭ ነበር የፈለግኩት። ከመኪና ዕቃ መሸጫ አንድ ነጭ ስፕሬይ ገዛሁ፣ ግቢ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ ነፋሁ። ማታ እንደ ወተት ነጭታ ተኛች። ጠዋት ስነሳ ሮዝ ሆናለች። ስስ ስለቀባሁ መሰለኝና ደገምኩ። በነጋታው አሁንም ሮዝ። ሦስተኛ ስነፋ ስፕሬዩ አለቀ። እናቴ ቡና እየቆላች ዞር ብላ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ መኪናህ አፈረች እንዴ? ፊቷ ቀላ!» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ምን ሆኖ ነው? ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ማቅለሚያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደቃቅ ዱቄት ነው፤ አይሟሟም፣ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ አሸዋ ተበትኖ ባለበት ይቀመጣል። ሁለተኛው የሚሟሟ ነው። ቀይ ወጥ አስቡ። በርበሬው ታች ቢቀርም ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ግን ቀልቶ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ቀይ ፕላስቲክም እንደዚያ ነው። የስፕሬዩ ቲነር የላዩን ገጽ ሲያለሰልሰው ቀዩ ይሟሟና ወደ ነጩ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ብትነፉ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ምክንያቱም በየጊዜው አዲስ ቲነር እያጠጣችሁት ነው።

መፍትሔው መሃል ላይ የብር ቀለም መቀባት ነው። የብር ቀለም ውስጥ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ቅርፊት ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ይተኛል፣ ልክ እንደ አሳ ቅርፊት። ቀዩ በዚያ ውስጥ መንገድ አያገኝም። ከዚያ በላይ ነጩን ትነፋላችሁ። ይሄን ያወቅኩት መኪናዋ ሮዝ ሆና ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ከቆየች በኋላ ነው።

ስለ ኩቴክስ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የእህታችሁን ኩቴክስ አትንኩ። ከጠቡ በላይ ኩቴክስ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ የሞዴል ፕላስቲክን እንደ ቅቤ ነው የሚያቀልጠው። ሞክሬዋለሁ። የፓይለቱ ፊት ጠፍቷል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። አብዛኛው የሞዴል ኪት የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ንጹሑ ፖሊስታይሪን እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። የአውሮፕላኑ መስኮት ስትቆርጡት «ቀጭ» ብሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ለሌላው ክፍል ግን ትንሽ ጎማ ይጨመርበታል፣ እንዲታጠፍ፣ ሲመታ እንዲችል። ጎማው ሲገባ ጥርት ያለው ነገር ይደፈርሳል፤ ወተት የመሰለ ይሆናል። እንግዲህ ቀለሙ የሚገባው በዚህ ወተት ላይ ነው። ያ የያዛችሁት ግራጫና ቀይ ክንፍ እናታቸው አንድ ናት።

እኔ ሁለት ዓመት ፕላስቲክ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ሳፋ፣ ጆግ፣ ባልዲ ነበር የምናወጣው። የሞዴል ኪት ከዚያ በጣም የረቀቀ ነው፣ ማሽኑ ግን ያው ነው። ጥሬው ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይገባል፣ ይቀልጣል፣ በኃይል ወደ ሞልዱ፣ ቅርጽ ወደሚሰጠው ብረት፣ ይረጫል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወጣል። ቀለሙ ማስተርባች በሚባል የተጠናከረ ፍሬ መልክ ነው የሚመጣው፤ ለመቶ ኪሎ ጥሬ ሁለት ሦስት ኪሎ ጣል ታደርጋለህ፣ በቃ። የእኛ ፎርማን አንድ ሕግ ነበረው። ከነጭ ጀምረህ ወደ ጥቁር ሂድ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ አትመለስ። ምክንያቱም የማሽኑ ሆድ ውስጥ የቀረ ጥቁር ቶሎ አይወጣም። አንድ ሌሊት አንዱ ልጅ ተቻኩሎ ጥቁር ባልዲ ካወጣ በኋላ ሆዱን በደንብ ሳያጸዳ ነጭ ጆግ ጀመረ። ጠዋት ፎርማኑ መጣ፣ አንዱን ጆግ አንስቶ ወደ ብርሃን አዟዟረውና «ይሄ ጆግ ነው የሜዳ አህያ?» አለ። መቶ ምናምን ጆግ ነበር።

ታዲያ ጆጎቹ ተጣሉ? አልተጣሉም። ተፈጩ። ተፈጭተው በማግስቱ ጥቁር ባልዲ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ይሄ ነገር ለሞዴልም ይሠራል። ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል። የተፈጨ ፕላስቲክ፣ ደጋግሞ የቀለጠ፣ ትንሽ የተቃጠለ፣ ሌላ ከለር የነበረው፣ ሁሉም ጥቁር ውስጥ ይገባል። ደጋግሞ የቀለጠ ፕላስቲክ ደግሞ ይደክማል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ኪት አግኝታችሁ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ እጠራጠራለሁ። ጥቁር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ ፋብሪካዎችም የመኪናውን ሻንሲ ጥቁር ያደርጉታል፣ የሚያምርም ነው። ማለቴ ነጭና ፈዘዝ ያለ ግራጫ መዋሸት ይከብዳቸዋል። ትንሽ ቆሻሻ ቢገባባቸው ይታያል።

ጥቁር ሌላ ባሕርይም አለው። ሌላውን ይሸፍንና የእናንተን እጅ ግን ያጋልጣል። ከፍሬሙ ስትቆርጡት የተቆረጠበት ቦታ ይነጣል። ስታጥፉት እጥፋቱ ይነጣል። በብርጭቆ ወረቀት ስታሹት የታሸው ቦታ አመድ የነካው ይመስላል። ፕላስቲኩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ተከፍተው ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። በነጭም ይከሰታል፣ ግን ነጭ ላይ ነጭ ማን ያያል? ቀለም ለሌለው ሰው ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ኪት ከባድ ፈተና ነው።

ነጭን ቶሎ ልለፈው። ጥሩው ነገሩ ጥራቱን አለመደበቁ ነው። መጥፎው ነገሩ ቅርጹ አይታይም፤ ጥላ ስለሌለው ስቱኮ ስታደርጉ፣ ስትሞርዱ የት እንደደረሳችሁ አታውቁም። ቀጭኑ ክፍል ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ቢጫም እንደዚያው ነው፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ቀጭን ቢጫ ክንፍ ወደ መስኮት አንሱት፣ ጣታችሁ ከኋላ ይታያል። እውነተኛ አውሮፕላን ጣት አያሳይም።

ብር ከለር ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ልጆች ከሁሉ በላይ የሚወዱት እሱን ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚያታልለውም እሱ ነው። ብር ፕላስቲክ ውስጥ ያ የነገርኳችሁ የአሉሚኒየም ቅርፊት አለ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሲፈስ ቅርፊቱ አብሮ ይፈሳል። ዓባይ ላይ ገለባ በትናችሁ ታውቃላችሁ? ገለባው ውሃው በሄደበት አቅጣጫ ይተኛል። ውሃው ትንሽ ደሴት ሲያገኝ ለሁለት ይከፈላል፣ ደሴቱን ዞሮ ደግሞ ይገናኛል፣ የተገናኘበት ቦታ ላይ ገለባው ተዘበራርቆ መስመር ይሠራል። ሞልዱ ውስጥም ልክ እንደዚያ ነው። የመስኮት ቀዳዳ ሲኖር ፕላስቲኩ ለሁለት ተከፍሎ ይዞራል፣ ከኋላው ሲገናኝ መስመር ይተዋል። ይሄ መገናኛ በግራጫውም በቀዩም አለ። ከሌላው ቦታ ትንሽ ደካማም ነው። ግራጫው ላይ አታዩትም። ብሩ ላይ ግን እንደ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አዙሪትም አለ፣ ጥቁር ጥላ የመሰለ። ልጆች ይመጡና «ጋሼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብናሸውስ?» ይሉኛል። አይለቅም። ላዩ ላይ አይደለም፣ ውስጡ ነው። ብታሹት ሌላ አዙሪት ይወጣል። ብር ኪት ሳጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ እንዲመስል ከፈለጋችሁ የግድ መቀባት አለበት፤ ቀለም ለሌለው ሰው የተሠራ የሚመስለው ኪት ከሁሉ በላይ ቀለም ይፈልጋል ማለት ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ግራጫን ደግሞ ሁሉም ለምን እንደሚወደው አሁን ይገባችኋል። ጥላ ይይዛል፤ የብሎኑን ራስ፣ የመስመሩን ጥልቀት፣ ሁሉን ታያላችሁ። ምንም ዓይነት ቀለም ከላይ ቢቀባ አይታገልም። ነጭ ስትቀቡ ሮዝ አይሆንባችሁም። በነገራችን ላይ የታንክና የወታደራዊ መኪና ሞዴል የሚሠራው የጃፓኑ ታሚያ ብዙ ጊዜ መካከለኛ መንገድ ነው የሚይዘው፤ የጀርመን ታንክ ከሆነ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ወይ ጥቁር ግራጫ፣ የአሜሪካ ከሆነ የወይራ አረንጓዴ። ቀባችሁትም አልቀባችሁትም ያስኬዳል። ለእኛ ለእኛ ይሄ በጣም ተስማሚ ነው፤ ታንክ ሲጀመርም ደብዛዛና ቆሻሻ ነገር ስለሆነ ፕላስቲኩ ትንሽ ቢቦረቦርም ጭቃ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ትንሽ ልውሰዳችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1936 ፍሮግ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ «ፔንግዊን» በሚል ስም የፕላስቲክ አውሮፕላን ኪት አወጣ። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን አልነበረም፣ ሴሉሎስ አሲቴት ነበር፣ ሲቆይ የሚጣመም ነገር። ከጦርነቱ በኋላ ፖሊስታይሪን ገባ። በ1970ዎቹ ማችቦክስ፣ የትንንሽ የብረት መኪኖቹ፣ አንድ ድፍረት አደረገ። በ1/72 አውሮፕላኖቹን በሁለትና በሦስት ከለር ፕላስቲክ ማውጣት ጀመረ። አንዱ ፍሬም አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ። ልጅ ሳይቀባ ገጥሞ ደስ እንዲለው። ትልልቆቹ ተቆጡ። ግማሹ ክንፍ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቡናማ የሆነ አውሮፕላን ላይ አንድ ወጥ ቀለም ለማምጣት ስንት ጊዜ መቀባት እንዳለባችሁ አስቡት። እኔ ግን በልጆቹ በኩል ነኝ። እነዚያ ልጆች የእኛ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፣ ገንዘብ እንጂ ኤርፖርት አልነበረም ያገዳቸው።

ከዚያ ባንዳይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ መጣ። በ1980 ጋንዳም ከሚባለው የጃፓን ካርቱን የመጀመሪያውን የሮቦት ኪት በ1/144 አወጣ፣ ዋጋው 300 የን ነበር። ያኔ በማጣበቂያ የሚገጠም፣ ቀለም የሚፈልግ ኪት ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1990 «ሃይ ግሬድ» የሚባለው የኪት ዓይነት ሲወጣ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ቢጫው በአንድ ፍሬም ላይ ተጣምሮ መጣ፤ ማጣበቂያም አያስፈልገው። አንድ ፍሬም፣ አራት ከለር! ማሽኑ ከየአቅጣጫው የተለያየ ከለር በአንድ ሞልድ ይረጫል። እኔ ጆግ ሳወጣ የነበርኩ ሰው ይሄን ሳስብ ፀጉሬ ይቆማል። እኛ ሁለት ከለር በተለያየ ሌሊት ማውጣት አቅቶን የሜዳ አህያ ወለድን እኮ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። ከለር የገባበት ኪት ተራ ነው የሚለው ወሬ በዚህ ፈረሰ። ከለሩ በትክክል እንዲመጣ ኢንጂነሩ የበለጠ መልፋት አለበት። የሮቦቱ ደረት ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀይ ካለ፣ ቀዩ ለብቻው ክፍል መሆን አለበት፣ ከሰማያዊው ጋር ስንጥቅ ሳይተው መግጠም አለበት። ስለዚህ ባለከለር ኪት ስትገዙ ጥራቱን የምታዩበት ቦታ ይኸው ነው፤ ከለሩ የሚለወጥበት ድንበር። ድንበሩ እውነተኛው ዕቃ ላይ መገጣጠሚያ ካለበት ቦታ ላይ ካረፈ ሰውየው አስቦበታል። ሜዳው መሃል ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ቀዩ ክፍል ቀርቶ ስቲከር ለጥፉበት ካለ፣ ተቸኩሎ የተሠራ ነው።

ቀለሙ ራሱ የሚያመጣው ጉድለት አለ ብያለሁ። አለ። ማንኛውም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ፖሊስታይሪን ከመቶ ግማሽ ያህል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ክንፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጥራል። ሞልዱን የሚሠራው ሰው ይሄን አስልቶ ነው የሚቆርጠው። የለስላሳና የቢራ ሳጥን የሚሠራበት ፕላስቲክ ላይ ግን አንዳንድ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች ስሌቱን ያዛቡታል። ያ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ክሪስታል ይሠራል፣ የቀለሙ ደቃቅ ዱቄት ደግሞ እንደ እርሾ ሆኖ ክሪስታሉን ቶሎ ያስነሳዋል፤ ስለዚህ ከሌላው ከለር በተለየ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ፖሊስታይሪን ክሪስታል ስለማይሠራ ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ያመልጣል። ለሞዴል የተመረጠው በከንቱ አይደለም።

ሌጎ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚህ ሦስት አራት ልጆች አያለሁ፣ የቀይ ዳማ ቡናማው ጡብ ሲነቀል ቶሎ እንደሚሰበር አስተውላችኋል? በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ በተለይ ከተወሰኑ ዓመታት የወጡት። ሌጎ ከፖሊስታይሪን አይሠራም፣ ኤቢኤስ የሚባል ጠንካራ ዘመዱ ነው፤ ያም ሆኖ ከለር ላይ ከለር ይለያያል። ስለዚህ «ቀለም ምንም አያደርግም» የሚልም ተሳስቷል።

እሺ፣ ቀለም የለንም እንበል። ምን እናድርግ?

ሁለቴ ቁረጡ። ይሄን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብላችሁ በፒንሳ ወይም በጥፍር መቁረጫ ቁረጡት። ከዚያ የቀረችውን ጉቶ በአዲስ ምላጭ ቀስ እያላችሁ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ላጩት፣ ሽንኩርት እንደሚከተፈው። በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ የቆረጠ ሰው ነጭ ጠባሳ ያተርፋል። ጠባሳው ከወጣ በኋላ በጥፍራችሁ ጀርባ ጫን ብላችሁ አሹት፣ ግማሹ ይጠፋል። የምላጩን ነገር ትንንሾቹ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ ሐኪም ቤት እንዳትሄዱብኝ።

መስመሮቹን በተቀረጸ እርሳስ አጥቁሯቸው፣ ትርፉን በጣታችሁ ጥረጉት። አንድ ርካሽ እርሳስ አንድን ተራ ነጭ አውሮፕላን እንዴት እንደሚለውጠው ስታዩ ትገረማላችሁ። አንዳንዱ ለዚህ በቲነር የቀጠነ ቀለም ያፈስበታል፤ ያለማጣበቂያ ተጠባብቆ የተገጠመ ኪት ላይ ይሄን አታድርጉ። ቲነሩ በተወጠረው መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። እጄ ላይ ተሰንጥቋል።

የግድ መቀባት ካለ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የሚገኘው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል። ፕላስቲኩን አያቀልጠውም፣ ከታች ያለውን ቀይም አይቀሰቅስም። ሲደርቅ ቶሎ ይላጣል፤ ስለዚህ ክፍሉን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡት፤ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የሚረጭበት ቅባት አለ፣ ቀለም የሚተፋው እሱ ነው።

የመጨረሻው ፀሐይ ነው። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነን። ፀሐዩን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ነጭ ፕላስቲክ መስኮት ላይ ከቆየ ቢጫ ይሆናል። ቀይ ይደበዝዛል። ቢጫው የዘይት ጀሪካን በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚመስል አይታችኋል፤ ሲነኩት የሚፈረፈረው። ጥቁር በዚህ በኩል ይሻላል፣ ጥላሸቱ ፀሐዩን ይመክትለታል። ግን ሙቀቱን ይጠጣል። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ አንድ ጥቁር አውሮፕላንና አንድ ነጭ ወስዶ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጣቸው። ሚያዝያ ነበር፣ ገበያ ጋ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ አቁሞ ምሳ በላ። ሲመለስ ነጩ ምንም አልሆነም። ጥቁሩ ክንፉን እንደ ዝናብ የመታው ዶሮ ጥሎት ነበር። ቤት ወስዶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አቀናው። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ የእኛ ውሃ ደግሞ ከፍታው የተነሳ 94 አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ቀስ ብሎ ላቀናው ሰው የባሕር ዳር ውሃ ለጋስ ነው።

ጥያቄ ካለ።

(አንድ ልጅ ግራጫና ባለከለር ኪት እኩል ዋጋ ቢሆን የቱን እንደምገዛ ጠየቀኝ።)

ለራሴ ግራጫውን። የአክስቴ ልጅ ባይሆንለትም እኔ ቀለም የማገኝበት መንገድ አበጅቻለሁ። ለአንተ ግን ባለብዙ ከለሩን፣ ድንበሩን አይተህ። ብር ከለር ከሆነ ተወው።

(አንዲት እናት ልጃቸው ሁሉንም በሱፐር ግሉ እንደሚያጣብቅ ነገሩኝ።)

እማማ፣ ለከለሩ ብዙም ችግር የለውም፣ ለመስኮቱ ግን ችግር አለው። ጢሱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ጉም የለበሰ ያስመስለዋል። መስኮቱን በመጨረሻ፣ በነጭ ኮላ ያጣብቅ። ሲያጣብቅም የክፍሉን መስኮት ክፈቱለት።

(መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጠች፣ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ታንኳ ብሠራ በምን ከለር ፕላስቲክ ነው የምሠራው?»)

ታንኳ። ጥሩ። በገለባ ከለር ነዋ፣ ደብዘዝ ያለ ቢጫ።

(«ውሸት!» አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ አባቷ ክንዷን ያዟት። እሷ ግን ቀጠለች። «ደንገሉ ሲቆረጥ አረንጓዴ ነው። ሲደርቅ ነው ቢጫ የሚሆነው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ከታች ይጠቁራል። አባቴ ይሠራል፣ አይቻለሁ።»)

አባቷ «እውነቷን ነው» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ስለዚህ ሦስት ከለር ነው፤ ከላይ ገለባ፣ ጎኑ ላይ ያልደረቀው አረንጓዴ፣ ከታች ጥቁር። እኔም ድንበሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ስላላወቅኩ፣ ንግግሩ እንዳለቀ ከአባትና ልጅ ጋር ወደ ውሃው ዳር ወርደን የቆመ ታንኳ አየን። አረንጓዴው ወደ ጥቁር የሚለወጠው ውሃው ከሚደርስበት አንድ ጣት ከፍ ብሎ ነው።